ለረጅም ርቀት በረራ የትኛው ሞተር ግላይደር? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «190 ሰዓት ያህል በግላይደር፣ ያለ ሞተር በሚንሳፈፍ አውሮፕላን፣ በርሬአለሁ፤ የአብራሪ ችሎታ ምልክት የሆነውን የብር ባጄን ካገኘሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን የምበረው በክለብ ግላይደር፣ በጎታች አውሮፕላን እየተሳብኩ ነው። ጎታች በማይገኝበት ቀን ያማረ ሰማይ እያየሁ መሬት ላይ መዋል ሰልችቶኛል። ስለዚህ በራሱ ሞተር የሚነሳ ግላይደር ልገዛ ነው። ሐሳቤ 300፣ ከዚያም 500 ኪሎ ሜትር መብረር ነው። ሜዳችን ሣር ሆኖ ርዝመቱ 700 ሜትር ነው። እርሻ ላይ ማረፍ ስለምፈራም ሞተሩ ከዚህ ይገላግለኛል ብዬ አስባለሁ። አንዳንዱ ኤሌክትሪክ ይሻላል ይለኛል፣ ሌላው ጄት ያለው ይረክሳል ይለኛል። ባለቤቴም አብራኝ እንድትበር ባለሁለት መቀመጫ ብገዛስ? የትኛውን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ መጀመሪያ መታረም ያለበት «እርሻ ላይ ከማረፍ ይገላግለኛል» የሚለው ነው፤ የቀረው ምርጫ ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማልና። አይገላግልዎትም። በራሱ የሚነሳ ግላይደር የሚገዛው ጎታች ሳይጠብቁ ለመነሳት ነው። ከተነሱ በኋላ ሞተሩን እንደሌለ ቆጥረው ነው የሚበሩት። በሞተር ግላይደር ላይ የሚደጋገመው አደጋ መልኩ ያው ነው፦ አብራሪው ሞተሩን ተማምኖ ዝቅ ይላል፤ ማረፊያ በሌለበት ቦታ ላይ ሞተሩን ያወጣል፤ ሞተሩ እምቢ ይላል፤ ለምን እምቢ እንዳለ ሲፈልግ ፍጥነቱ ከእጁ ያመልጣል፤ ክንፉ መሸከም አቅቶት ግላይደሩ እየተሽከረከረ ይወድቃል።

እምቢ የሚልበት ምክንያት ምስጢር የለውም። ሞተሩ በግላይደሩ ሆድ ውስጥ ተጣጥፎ ሦስትና አራት ሰዓት ብርድ ውስጥ ቆይቷል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ ሜዳው ላይ 25 ዲግሪ የነበረው አየር 2,500 ሜትር ከፍ ሲሉ 9 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲህ የቀዘቀዘውን ሞተር ለማስነሳት የሆዱ መዝጊያ ይከፈታል፣ ፕሮፔለሩን የያዘው ምሰሶ ይቆማል፣ የፕሮፔለሩ ፍሬን ይለቃል፣ የነዳጅ ፓምፑ ይገፋል፣ ባትሪው ሞተሪኖውን ያዞራል፣ ካንዴላው ይተኩሳል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁሉ ከንቱ ናቸው። ራዲዮውንና የበረራ ኮምፒውተሩን ስታገለግል የዋለች ባትሪ ደግሞ ያን ጊዜ ደክማለች።

ሞተሩ ካልተነሳ ሁኔታው ሞተር ከሌለው ግላይደር ይብሳል። 18 ሜትር ክንፍ ያለው ጥሩ ግላይደር የመንሳፈፍ ምጣኔው 1 ለ 50 ገደማ ነው፤ ፀጥ ባለ አየር 400 ሜትር ቁመት 20 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል ማለት ነው። ምሰሶውና የማይዞረው ፕሮፔለር አየር ላይ ተገትረው ሲቆሙ ግን ምጣኔው ከ1 ለ 20 በታች ሊወርድ ይችላል። ያው 400 ሜትር አሁን 8 ኪሎ ሜትር እንኳ አያደርስም። ከአንድ ደቂቃ በፊት በቀላሉ ይደርሱበት የነበረው ደህና ማሳ ከእጅዎ ወጣ።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከሜዳዬ 60 ኪሎ ሜትር ርቄ ወደ ላይ የሚያወጣኝ አየር ጠፍቶብኝ፣ ታጭዶ ያለቀ ሰፊ ማሳ መርጬ፣ 450 ሜትር ላይ ሞተሩን አወጣሁ። ፕሮፔለሩ እንደ ልብ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይዝም። እንደገና ሞከርኩ። ሦስተኛ ሞከርኩ። ቁመት መለኪያው 280 ሲል እጄን ከቁልፉ ላይ አንስቼ ማረፊያዬን ዞሬ አረፍኩ። ቀበቶዬን ስፈታ ዐይኔ ከግራ ጉልበቴ አጠገብ ያለው የነዳጅ መዝጊያ ላይ ወደቀ። ዝግ ነው። ጠዋት ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ በልማድ የዘጋሁት ራሴው ነኝ። ማሳው ባይመረጥ ኖሮ ይህን የምጽፍልዎት አልነበርኩም ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፤ ከመሬት በላይ የሚለካ ቁመት ነው። 500 ሜትር ላይ አንድ ማሳ በስሙ የሚጠራ ያህል ተመርጦ አልቋል። 400 ላይ፣ ከማሳው ሳልርቅ፣ ሞተሩ ይወጣል። 250 ላይ ካልተነሳ ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ማረፍ ብቻ ነው። የግላይደርዎ መመሪያ ከዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ካዘዘ የመመሪያውን ይያዙ። እርሻ ላይ ማረፍ ከፈሩ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት የዚህን ዓመት ሁለት ሦስት ቅዳሜ ከአስተማሪ ጋር ማሳ በመምረጥና አጭር ቦታ ላይ በማረፍ ያሳልፉ። ፍርሃቱ በገንዘብ የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ ጄቱ። ሞተር ያላቸው ግላይደሮች ሁሉ አንድ ነገር አይደሉም። አንደኛው ዓይነት ከመሬት ራሱን ያነሳል። ሁለተኛው ከመሬት መነሳት አይችልም፤ አየር ላይ ቁመት ሲያልቅበት ብቻ ወደ ቤት የሚመልስ ትንሽ ሞተር አለው። አብራሪዎች «ቱርቦ» ይሉታል፤ ስሙ ከመኪናው ቱርቦ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሦስተኛው እንደ ግሮብ 109 እና ዲሞና ያለው የጉዞ ሞተር ግላይደር ነው፤ እንደ ትንሽ አውሮፕላን ይነሳል፣ ይጓዛል፣ ፕሮፔለሩ ግን ከአፍንጫው አይጠፋም፣ የመንሳፈፍ ምጣኔውም ወደ 1 ለ 28 ነው። በዚህ በሦስተኛው 500 ኪሎ ሜትር እበራለሁ ማለት ይቻላል፤ የሚበረው ግን በቤንዚን ነው።

የነገሩዎት ጄት በአብዛኛው የሁለተኛው ዓይነት ነው። ትንሽ፣ ቀላልና ሲታጠፍ ቦታ የማይፈጅ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጄት በዝግታ ሲበሩ ጉልበቱን ወደ ሥራ የመለወጥ ብቃቱ ዝቅተኛ ነው፤ ነዳጅም ይጠጣል። ሣር ላይ ከቆመበት ግላይደር ገፍቶ ማንሳት የሱ ሥራ አይደለም። የእርስዎ ችግር ጎታች ማጣት ከሆነ፣ ጄት ያለው ግላይደር ገዝተውም ጎታች እየጠበቁ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ከዝርዝርዎ ይውጣ።

ከሞተሩ ዓይነት በፊት ስለ ክብደት እንነጋገር፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው። ባለ 18 ሜትር ንጹሕ፣ ማለትም ሞተር የሌለው፣ ግላይደር ባዶውን 290 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ አብራሪው ከነፓራሹቱ 95 ሲሆን ድምሩ 385 ነው። የክንፉ ስፋት 11 ካሬ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 35 ኪሎ ይሸከማል። ሞተር፣ ምሰሶ፣ ታንከርና ባትሪ ሲገቡ ባዶ ክብደቱ 360 ይሆናል፤ ከአብራሪውና ከ12 ኪሎ ነዳጅ ጋር 467፤ በካሬ ሜትር 42 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ክብደቱ በ21 በመቶ ጨመረ። የፍጥነቶቹ ሁሉ ጭማሪ የዚህ ስኩዌር ሩት ስለሆነ፣ ክንፉ መሸከም የሚያቆምበትም፣ በደንብ የሚንሳፈፍበትም ፍጥነት በ10 በመቶ ያህል ከፍ ይላል።

ብዙ ሰው «ከባድ ግላይደር በቶሎ ይወርዳል፣ ሩቅ አይሄድም» ይላል። ግማሹ ስህተት ነው። ክብደት የመንሳፈፍ ምጣኔውን አይነካም ማለት ይቻላል፤ ያው 1 ለ 50 ይቀራል፣ የሚገኘው ግን በበለጠ ፍጥነት ነው። ኃይለኛ ቀን ላይ ይህ በረከት ነው፤ ተወዳዳሪዎች ክንፋቸው ውስጥ ውሃ የሚሞሉት ለዚሁ ነው። ችግሩ ቴርማል ውስጥ ነው፤ ቴርማል የምንለው ከመሬት ሞቆ የሚወጣውን የአየር አምድ ነው። በአንድ ዓይነት ማዘንበል ሲዞሩ የክብዎ ራዲየስ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ በፍጥነት 10 በመቶ ከፍ ማለት ክቡን በ21 በመቶ ያሰፋዋል። ጠባቡ የጠዋት ቴርማል ውስጥ ጓደኛዎ በክለቡ ቀላል ግላይደር መሃሉን ይዞ ሲወጣ፣ እርስዎ ጠርዙ ላይ ግማሹን ክብ እየወጡ ግማሹን እየወረዱ ይዞራሉ። ንጹሕ ግላይደር ያለው ሰው ውሃውን ደፍቶ ይቀልላል። እርስዎ ሞተሩን አይደፉትም።

የክንፍ ርዝመት ጉዳይ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ነው። 15 ሜትር ክንፍ ላይ ያው ሞተር ሲጫን ስፋቱ ስለሚያንስ ጭነቱ ከዚህም ይከፋል፤ በጥሩ ቀን ፈጣን፣ በደካማ ቀን ግን ሜዳ ላይ የሚያስቀር ማሽን ይሆናል። ለአንድ ሰው የሚሆነው 18 ሜትር ነው። 20 እና 21 ሜትር የበለጠ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ክንፉ ሲገጣጠም ይከብዳል፣ ወደ ጎን ሲያዘነብል ይዘገያል፣ ጠባብ ማሳ ላይ የአጥር እንጨት ይፈልግልዎታል። ባለ 190 ሰዓት አብራሪ ከዚያ አይጀምርም።

የቤንዚን ሞተሮቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ብዙዎቹ አምራቾች የሚገጥሙት ሶሎ የተባለውን ባለሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ነው። ከነምሰሶው ሙሉ በሙሉ ከጀርባዎ ይነሳል፣ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ስለሆነ በደንብ ያወጣል፣ ክፍሎቹን የሚያውቅ መካኒክም አይጠፋም። ዋጋው መንቀጥቀጥ ነው። ሞተሩ ሥራ ላይ በሚቆይባቸው ጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንኳ ቡሎን ይላላል፣ የማርሚታ ብየዳ ይሰነጠቃል፣ የሽቦ ጫፍ ይበጠሳል። ሁለተኛው ሽላይኸር የተባለው አምራች በኤኤስኤች 26ኢ ግላይደሩ የጀመረውና በኤኤስኤች 31 የቀጠለበት የቫንክል ሞተር ነው፤ ፒስተን የለውም፣ በውስጡ የሚዞረው ሦስት ማዕዘን ሮተር ነው። 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን ሞተሩ ራሱ ከግላይደሩ ሆድ አይወጣም፤ የሚወጣው ፕሮፔለሩን የያዘው ምሰሶና ቺንጋው ብቻ ነው። ስለዚህ ሲቆም የሚጎትተው አየር ያንሳል፣ ድምፁም ንዝረቱም ይቀንሳል። በአንጻሩ ሙቀቱ ሆዱ ውስጥ ስለሚቀር ከማጠፍዎ በፊት እንዲበርድ መጠበቅ አለብዎት። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይጎዳዋል።

ሁለቱም የቤንዚን ሞተሮች ከፍታ ላይ ይደክማሉ። አየሩ ሲሳሳ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበታቸው ወደ 10 በመቶ ያጣሉ፤ ሙቀት ሲጨመርበት የባሰ ነው። ሜዳዎ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ በወረቀት ላይ የገዙት 50 ፈረስ በሞቃት ቀን 40 እንኳ አይደርስም።

ኤሌክትሪክ ይሻላል የሚሉዎት ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጉልበቱ በከፍታ አይቀንስም፣ አይንቀጠቀጥም፣ አንድ ዘንግ ሲገፉ ይነሳል። ላንገ አንታሬስ 20ኢ፣ ባለ 20 ሜትር ክንፍና ባለ 42 ኪሎዋት ሞተር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓይነት ማረጋገጫ አግኝቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የትናንት ሙከራ አይደለም። አንድ ሙሉ ባትሪ በጠቅላላው ወደ 3,000 ሜትር ቁመት ያወጣዋል። ለመነሳት 600 ሜትር ቢያወጡት የቀረው ከሩቅ ቦታ ወደ ቤት ለመመለስ ብዙ ነው።

ስሌቱን ግን ይያዙ። 500 ኪሎ ግላይደር 600 ሜትር ለማንሳት በንድፈ ሐሳብ የሚበቃው 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ፕሮፔለሩ የሚያባክነውና ግላይደሩ ራሱ አየር ሲቀድ የሚያጣው ሲጨመር እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። አፍንጫው ላይ የሚታጠፍ ፕሮፔለር ያለው ሥርዓት፣ አብራሪዎች ኤፍኢኤስ የሚሉት፣ በስሎቬኒያ የተሠራው ማለቴ ነው፣ 22 ኪሎዋት ገደማ ሞተርና 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ባትሪ አለው። ባለ 13.5 ሜትር ቀላል ግላይደሮችን፣ ለምሳሌ ሳይለንት 2 ኤሌክትሮን፣ ከመሬት ያነሳቸዋል። ባለ 18 ሜትር ከባድ ግላይደር ላይ ሲገጠም ግን በአብዛኛው የመመለሻ ሞተር እንጂ የመነሻ አይደለም። ሻጭ «ኤሌክትሪክ ነው» ሲልዎት ቀጥሎ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ይኑር፦ በመመሪያው ላይ ከመሬት በራሱ እንዲነሳ ተፈቅዶለታል ወይ?

የባትሪው ነገር ሁለት ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። አንደኛ ያረጃል፤ ቢበሩበትም ባይበሩበትም ዓመታት ይበሉታል፣ ሲቀየርም ከባድ ወጪ ነው። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ግላይደር ሲገዙ የሚገዙት የባትሪውን ቀሪ ዕድሜ ጭምር ነው፤ አቅሙ የተለካበት የቅርብ ጊዜ ወረቀት ከሌለ ዋጋው ላይ አይነጋገሩ። ሁለተኛ፣ ሊቲየም ሲቃጠል በቀላሉ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 እንግሊዝ ውስጥ የአንድ ኤሌክትሪክ ግላይደር ባትሪ ሲያርፍ ተቃጥሎ ነበር፤ አብራሪው በሰላም ወጣ። ባትሪዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ የወደቀ፣ የተመታ ወይም ውሃ የገባበት ባትሪ ግን ምንም ምልክት ባያሳይ እንኳ ወደ ግላይደሩ አይመለስም።

በአንጻሩ ቤንዚን በኪሎ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ባትሪ ከነሳጥኑ 0.2 እንኳ አይሞላም። ሞተሩ ከቤንዚኑ አብዛኛውን በሙቀት ቢያባክነውም ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀራል። 15 ሊትር ታንከር ያለው ግላይደር ሙሉ ጉልበት እየሰጠ መውጣት፣ ሞተሩን አጥፎ መንሳፈፍ፣ እንደገና መውጣት እያለ እንደ መጋዝ ጥርስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ቤት ይመለሳል። 500 ኪሎ ሜትር ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ሜዳዎ። 700 ሜትር ሣር በቁጥር ይበቃል፤ ዳሩ በመመሪያው ላይ የሰፈረው የመነሻ ርቀት ለደረቅና ጠንካራ መሬት፣ ለንጹሕ ክንፍ፣ ለመደበኛ አየር ነው። ረጅም ወይም እርጥብ ሣር፣ ሙቀት፣ ከፍታ፣ ከኋላ የሚመጣ ትንሽ ነፋስ፣ እያንዳንዱ ርቀቱን ያስረዝመዋል፤ ሲደራረቡ አይደመሩም፣ ይባዛሉ። የኔ ሕግ ግማሹ ላይ ምልክት ማቆም ነው፦ ባንዲራው ጋ ሲደርሱ ጎማው ከመሬት ካልለቀቀ ጋዙ ይዘጋል። የክንፉ ጫፍ ሣር ከነካም ወዲያው ይዘጋል፤ «ትንሽ ልታገሰው» የሚል አብራሪ ግላይደሩ በክንፉ ላይ ተሽከርክሮ ጅራቱ ሲሰበር ያያል።

ምሰሶ ያለው ግላይደር ሌላም ጠባይ አለው፤ ከጎታች የመጣ ሰው ይህን አያውቀውም። ፕሮፔለሩ ከራስዎ በላይ ስለሚገፋ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ እርስዎም መሪውን ወደ ኋላ ይዘው ይወጣሉ። 60 ሜትር ላይ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ የሚጫነው ኃይል ይለቃል፣ አፍንጫው በራሱ ወደ ላይ ይነሳል፣ በዚያው ቅጽበት የተገተረው ምሰሶ ፍጥነቱን ይበላል። በጎታች ገመድ ሲበጠስ ጥቂት ሰከንድ የማሰቢያ ጊዜ ነበረዎት፤ እዚህ የለም። እጅዎ ከአእምሮዎ ቀድሞ መሪውን ወደ ፊት መግፋት አለበት። አፍንጫው ላይ ፕሮፔለር ያላቸው ይህ ጠባይ የለባቸውም፤ እንደ ስቴመ ኤስ10 ያለውን ለሚወዱ ሰዎች አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነው።

ባለሁለት መቀመጫውን በአጭሩ ልመልስ፦ አሁን አይግዙ። አርከስ ኤም እና ኤኤስጂ 32 ሚ ድንቅ ማሽኖች ናቸው፤ ክላውስ ኦልማንና ኤርቬ ለፍራንክ እ.ኤ.አ. በጥር 2003 በአንዲስ ተራሮች ላይ 3,009 ኪሎ ሜትር የበረሩት በባለሁለት መቀመጫና በራሱ በሚነሳው ኒምቡስ 4ዲኤም ነው። ነገር ግን ክንፋቸውን ለመገጣጠም ሰው ይፈልጋሉ፣ ጎታች ጠባቂነትን ትተው ረዳት ጠባቂ ይሆናሉ። ባለቤትዎም በሰባት ሰዓት በረራ ይደሰቱ እንደሆነ ገና አልታወቀም። መጀመሪያ በክለቡ ባለሁለት መቀመጫ ለአንድ ሙሉ ወቅት ይውሰዷቸው። ወደውት ከመጡ ያን ጊዜ እንደገና ይጠይቁኝ፤ ጎን ለጎን መቀመጥ ከፈለጉ ፒፒስትረል ታውረስ የሚባል ቀላል፣ ባለ 15 ሜትር፣ ምጣኔው 1 ለ 41 የሆነ አለ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ያገለገለ፣ ባለ 18 ሜትር፣ ባለ አንድ መቀመጫ፣ ፍላፕ (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል ክፍል) ያለው፣ የቤንዚን ሞተር ግላይደር። መጀመሪያ ኤኤስኤች 26ኢ ይፈልጉ፤ ለረጅም ርቀት ጀማሪ ከሱ የሚሻል አላውቅም፤ መሪው ለስላሳ ነው፣ የተገተረ ምሰሶውም ይቅር ይላል። ካጡ ዲጂ 800ቢ ወይም ቬንቱስ 2ሲኤም ሁለቱም ይበቁዎታል። ገንዘቡ ካልደረሰ ባለ 17 ሜትሩ ዲጂ 400 አሁንም የማይናቅ ነው፤ ሮታክስ 505 ሞተሩ ግን ማምረቱ ከቆመ ቆይቷልና መለዋወጫ የሚያውቅ ሰው ሳያገኙ አይፈርሙ። ኤሌክትሪኩን ለሚቀጥለው ግላይደርዎ ያቆዩት። ሜዳዎ ላይ የመኖሪያ ቤት ሰዎች በድምፅ የሚያማርሩ ከሆነ ወይም ቤንዚን ማከማቸት የሚከለከል ከሆነ ብቻ ምክሬን እገለብጣለሁ።

ሊያዩት ሲሄዱ ለባለቤቱ አስቀድመው «ሞተሩን አታስነሳው» ይበሉት። ሲደርሱ እጅዎን ሲሊንደሩ ላይ ወይም ራዲያተሩ ላይ ያድርጉ። ሞቅ ካለ አንድ የሚደበቅ ነገር አለ፤ ቡና ጠጥተው ሁለት ሰዓት ይጠብቁና በብርድ ያስነሱት። ከዚያ ምሰሶውን አሥር ጊዜ አውጥተው ያስገቡ፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የወሰደበትን ሰከንድ ይጻፉ፤ አሥረኛው በግልጽ ከዘገየ ባትሪው ወይም የማንሻ ሞተሩ ደክሟል። ባትሪ መብራት ይዘው የማርሚታውን ብየዳ ዙሪያውን ይዩ፣ ፀጉር የመሰለች ጥቁር መስመር ስንጥቅ ናት። የነዳጅ ቱቦውን በጣት ይጫኑ፤ የደነደነ ወይም የሚጣበቅ ከሆነ ዕድሜው አልፏል። የቺንጋውን ጥርሶች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። በመዝገቡ ላይ የሞተሩ ሰዓት ትንሽ መሆኑ አያስደስትዎት፦ በአሥር ዓመት 20 ሰዓት የሠራ ሞተር ከ80 ሰዓቱ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ውስጡ ዝገት፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የደረቀ ዘይት አለበት ማለት ነው። የመጨረሻው ሚዛን ወረቀት ላይ ደግሞ የእርስዎን ክብደት ከነፓራሹቱ አስገብተው ያስሉ። ሞተር ሲጨመር መቀመጫው ላይ የሚፈቀደው ክብደት ይጠባል፤ ውብ ግላይደር ገዝቶ ሊቀመጥበት ያልቻለ ሰው አውቃለሁ።

ከገዙ በኋላ በራስ መነሳት ራሱን የቻለ የመነሻ ዘዴ ነው፤ ለዚህ ሳይፈቀድልዎት አይነሱ። ሥልጠናውን በባለሁለት መቀመጫ ሞተር ግላይደር ይውሰዱ፤ አስተማሪው ከፍ ብለው ሲወጡ ሞተሩን ሳይነግርዎት እንዲያጠፋ ይጠይቁት። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን አሥር በረራዎች ከሜዳው ሳይርቁ፣ በ1,000 ሜትር ላይ ሞተሩን ማውጣት፣ ማስነሳት፣ ማጥፋትና ማጠፍ ብቻ ይለማመዱ። በመስተዋቱ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ሳያዩ የማጠፊያውን ቁልፍ አይንኩ፤ ጠምዘዝ ብሎ ከገባ መዝጊያውን ይሰብራል።

አንድ የቀረ፦ ለ300 እና ለ500 ኪሎ ሜትር ባጅ የሚያቀርቡት የበረራ መቅጃ የሞተርን ድምፅ ይመዘግባል። ከሜዳው ተነስተው ካጠፉት በኋላ ሞተሩ እንደገና የተነሳበት ቅጽበት ላይ የባጅ በረራዎ አብቅቷል፤ የቀረው መንገድ አይቆጠርም። ኤሌክትሪክ ሞተር ጸጥ ስለሚል ተጨማሪ መለኪያ ይጠየቃል። ስለዚህ መቅጃው ከሞተሩ ጋር በአግባቡ መሥራቱን ከመጀመሪያው ረጅም በረራ በፊት አንድ ጊዜ ሞተሩን አስነስተው ፋይሉን ከፍተው ይመልከቱ፤ ስምንት ሰዓት ከበሩ በኋላ ማወቁ ያበሳጫል።